ባርኔጣው ደረቱ ላይ ይቆይ

የሬሳ ሣጥን ቤቱ ሠራተኛ የሟቹን ባርኔጣ አንስቶ ራሱ ላይ ሊያደርግለት ሲል፣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ወንዶች በሙሉ በአንድ አፍ «ተው» አሉት።

ሰውየው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። «ምን አጠፋሁ?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ኑሎ ከወንበሩ ተነስቶ ባርኔጣውን ተቀበለው። «ይህ ሰው ባርኔጣውን አድርጎ ሰማይ ቤት ቢደርስና መላእክቱ ሲዘምሩ ቢያገኛቸው ምን ይላሉ? አልወደደንም ብለው ይበተናሉ። አንተ ለእግዚአብሔር ሌላ ዘማሪ ከየት ታመጣለታለህ?»

ጥቂቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኑሎ ባርኔጣውን በሟቹ ደረት ላይ፣ መቁጠሪያ ከታሰረባቸው እጆች ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። «ጉልበቱ ላይ ነበር የሚይዘው። ግን እዚህም ቢሆን ደረቱ ላይ ይቆይ። ራሱ ላይ እንዳታደርጉት ብቻ።»

ከሣጥኑ ግርጌ የተቀመጠው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሌያርኮ አልሳቀም። ሁለቱን እጆቹን በብብቱ ሥር ሸጉጧል። እሁድ ንጋት ላይ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ እጆቹን ሰው ፊት ማውጣት ፈርቷል። ሊያጽናኑት የሚመጡት እጁን ሊጨብጡት ሲሉ ግራውን ይሰጣቸዋል። ቀኝ እጁን ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቅበት ይመስለዋል።

በእኛ በፓርማ የኦፔራ ቲያትር ቤት የታችኞቹ ወንበሮች የጠበቃና የሐኪም ናቸው። እነሱ ልብስ ለማሳየት ነው የሚመጡት። ከጣሪያው ሥር ያለው ሰገነት ግን የእኛ፣ የወንዝ ማዶ ሰዎች ነው። ዘፋኝ የሚነግሠውም የሚወድቀውም እዚያ ነው። ሰገነቱ ሁለት መቶ አፍ አለው፤ ጆሮው ግን አንድ ነበር፤ ሟቹ ኢቫልዶ። ኢቫልዶ ፒያኖ ቃኚ ነበር፤ ኖታ ያነባል፤ ንግግሩ የተቆጠበ ነው። ዘፋኙ ዜማውን ሲጨርስ ማንም አያጨበጭብም፣ ማንም አያፏጭም። መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን ያዞርና የሦስተኛውን ረድፍ ጫፍ ያያል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ከቆየ ጭብጨባ ነው። ኢቫልዶ ባርኔጣውን አንስቶ ራሱ ላይ ካደረገ ግን ፉጨቱ ጣሪያውን ያነሳዋል። የሚላን ቴኖሮች፣ እነዚያ ከፍ ባለ ድምፅ የሚዘፍኑት ወንዶች፣ እንኳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «ባርኔጣው የት ነው?» ይሉ ነበር ይባላል።

ሌያርኮ ሁልጊዜ ከጎኑ ይቀመጥ ነበር። ሌያርኮ ገበያ ውስጥ የከብት ጨጓራ እያጠበ ይሸጣል። ሦስተኛ ክፍል ነው ያቆመው።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ እንደገና ሞላ። ጎረቤታቸው ዜሊንዳ በትልቅ ድስት ሥጋ የተሞላ ፓስታ በመረቅ ይዛ መጣች። የሐዘን ቤት እሳት አይነድበትም ብላ ማንንም ወደ ምድጃው አላስጠጋም። ወንዶቹ ሣህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሬሳው ሁለት እርምጃ ብቻ ርቋቸው፣ የሰገነታቸውን ወሬ ጀመሩ።

«ሐሙስ የሚመጣው ቴኖር» አለ አርዲሊዮ፣ የአሳማ እግር በጨው የሚያደርቀው፣ «የላይኛውን ድምፅ አስቀንሶ ነው የሚዘፍነው። ለኦርኬስትራው በሙሉ አዲስ የኖታ ወረቀት ታድሏል።»

«ማን ነገረህ?»

«የመለከት ነፊው ሚስት ከእኔ ነው የምትገዛው።»

«ቢያስቀንስ ምን ይገርማል፤ ሦስተኛ ሚስት አግብቶ ትንፋሽ ከየት ያመጣል?»

«ሦስተኛዋ ናት እንዴ? ያቺ ከኦርኬስትራው መሪ ጋር የጠፋችው ሁለተኛዋ አይደለችም?»

«እሷማ የመጀመሪያዋ ናት። ሁለተኛዋ የጠፋችው ከጥርስ ሐኪም ጋር ነው።»

«ኢቫልዶ ቢኖር» አለ ኑሎ ማንኪያውን አቁሞ፣ «ይህን ቴኖር በሁለተኛው ቃል ላይ ይይዘው ነበር።»

 የሁሉም ዓይን ሳያውቁት ወደ ባርኔጣው ሄደ።

«ሐሙስ ታዲያ ማንን እናያለን?» አለ አርዲሊዮ።

ዜሊንዳ ሣህን እየሰበሰበች «ሌያርኮስ? ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ አልነበረም?» አለች።

ኑሎ ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚብሰው። «ዜሊንዳ፣ የእኔም ድመት አሥር ዓመት ሬዲዮ ሥር ተኝታለች። ሐሙስ ይዣት ልምጣ?»

ሳቁ። ሌያርኮም አብሯቸው ሳቀ፤ እንዲህ ሲሉት መሳቅ ከለመደ ቆይቷል። እጆቹን ግን ከብብቱ አላወጣም። በልቡ «አሥራ አንድ ዓመት ድመቷን ነበር የምትከተሉት» አለ፤ ጮክ ብሎ ያለው መስሎት ዙሪያውን አየ።

ቀትር ላይ የኢቫልዶ ልጅ ዴርና ከመኝታ ቤት ወጥታ በዓይኗ ጠራችው። ቶሪኖ ውስጥ ነርስ ናት፤ ለቀብሩ ነው የመጣችው። ማድ ቤት ገብተው በሩን ዘጋች። በእጇ ትንሽ ሰማያዊ ሣጥንና የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«አጎቴ፣ ጥቁር ክራቫት ስፈልግ ይህን ከመሳቢያው ሥር አገኘሁ። ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔ ግን አውቃለሁ። የጆሮ መስሚያ ነው። ላስቲኩ እንኳ አልተነካም፤ አንድ ቀን አላደረገውም። ወረቀቱ ደግሞ የቦሎኛ ሐኪም ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁለቱም ጆሮ ይላል። ቀኑን አየኸው? አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።»

ሌያርኮ ወደ በሩ አየ። ከበሩ ወዲያ አርዲሊዮ የሆነች ሶፕራኖ ዘፋኝ በሮም መድረክ ላይ ስለ መውደቋ እያወራ ነበር። «ቀስ በይ፤ ይሰሙሻል።»

«ስልክ ስደውል የማያነሳው፣ ስመጣ የማይመልስልኝ ለዚህ ነበር? እኔ እኮ ተቀይሞኛል ብዬ ነው የኖርኩት። ሰፈሩ ደግሞ ‹ኢቫልዶ ትልቅ ሰው ሆነ፣ አያናግርም› ይለኛል።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እሺ። አባቴ አይሰማም ነበር። ታዲያ ባርኔጣውን የሚያስነሳው ማን ነበር?»

ሌያርኮ ቀኝ እጁን በብብቱ ሥር ይበልጥ ሸጎጠ። 

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የነበረው ያ ምሽት ትዝ አለው። መጋረጃው ወረደ፤ ሁለት መቶው አንገት ዞረ፤ ኢቫልዶ ግን ቀጥ ብሎ ወደ መድረኩ እያየ ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ሌያርኮ፣ ጥሩ ነበር? እኔ ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለ። ሌያርኮ መናገር አልቻለም፤ ሰው ያያል። በጨለማው ውስጥ የወንድሙን ጉልበት አንድ ጊዜ ጫን አደረገው። ባርኔጣው አልተነሳም። ሰገነቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱ ይኸው ሆነ፤ አንዴ ከተጫነ ጥሩ፣ ሁለቴ ከተጫነ ባርኔጣ። ፒያኖ መቃኘቱን ኢቫልዶ እጄን አመመኝ ብሎ ተወው፤ ሰገነቱን ግን መተው አቃተው። ሰገነቱን ቢተው ምን ይቀረዋል?

ሌያርኮም ቢሆን ይተው ነበር አይባልም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማው በእሱ ቃል አደረ፤ ማንም ባያውቅም አደረ። አንድ ጊዜ የሚላን ጋዜጣ ላይ አንድ ሐያሲ የፓርማ ሰገነት ጆሮ ተሳስቶ አያውቅም ብሎ ጻፈ። ኢቫልዶ ወረቀቱን ቆርጦ፣ አጣጥፎ፣ በሌያርኮ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተለት። «ያንተ ነው» አለው። ሌላ ምንም አላለም። ሌያርኮ ያቺን ቁራጭ እየደጋገመ ሲያነብ እስክትበጣጠስ ድረስ ይዟት ነበር።

«በጉልበቱ ነበር» አላት ለዴርና በመጨረሻ። «እኔ ጉልበቱን እጫነዋለሁ።»

ዴርና ነርስ ናት፤ ስትቆጣ ድምጿ ይረጋል። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የቴዳልዲንም ልጅ?»

የፈራው መጣ። ወለሉን አየ።

«ጠዋት ደውላ ነበር» አለች ዴርና። «ከማንቶቫ። ነገ ሣጥኑ ሳይዘጋ እደርሳለሁ፣ የምጠይቃችሁ አለኝ ብላለች።»

ኤርሲሊያ ቴዳልዲ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ ከተማዋ መድረክ የወጣችው አንድ ምሽት ብቻ ነው። ባርኔጣው ተነሳ። ሰገነቱ በፉጨት ብቻ አልተወሰነም፤ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ እስከ ቤቷ ደጃፍ ድረስ ድልድዩን እያቋረጠ አፏጨባት። ኑሎ ነበር፣ አርዲሊዮ ነበር። ሌያርኮ ከኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በትልቅ ቲያትር ቤት የጠራት የለም፤ ለሕፃናት ድምፅ ታስተምራለች ይባላል።

አባቷ ማኤስትሮ ቴዳልዲ በዘመኑ የቲያትር ቤቱን የኅብረት ዘፋኞች ይመራ ነበር። ሌያርኮ ሃያ ሁለት ዓመቱ ሳለ ሸሚዙን አስተኩሶ ሄዶ ፊቱ ቆመ። ማኤስትሮው የኖታ ወረቀት ሰጠውና «አንብብ» አለው። «አላነብም፤ አንዴ ከሰማሁት ግን አይጠፋኝም» አለ። ተጫወቱለት፤ አንዲት ሳትጎድል መለሰላቸው። ያ ሳይበቃው «ከፒያኖው አንዷ ክር ልልት ብላለች» አለ፤ ብላም ነበር። ማኤስትሮው መነጽሩን አወለቀ። «ጆሮማ አህያም አለው፤ የእሱ እንዲያውም ይረዝማል። ሂድ ጨጓራህን እጠብ።» አርባዎቹ ዘፋኞች ሳቁ። ገበያው ውስጥ ለስንት ዓመት «የአህያ ጆሮ» ተብሎ ተጠራ። አሁን በየግድግዳው የተለጠፈው የወንድሙ የሞት ማስታወቂያ «የሰገነቱ ጆሮ» ይላል።

የማኤስትሮው ልጅ ያን ምሽት የመጀመሪያውን ቃል ስታወጣ ጥሩ እንደሆነች ሌያርኮ ወዲያው አወቀ። ጥሩ ማለት ያንሳታል። ስትጨርስ ዓይኑ ላይ እንባ ነበር። አባቷ ታች፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲስቅ አየው። ሁለት ጊዜ ተጫነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጉም ነበር። ኢቫልዶ ከመብራቱ ሥር አቁሞት ከንፈሩን እያየ «የልጅቷ ፊት ጥሩ የሚዘፍን ሰው ፊት ነበር። እርግጠኛ ነህ?» አለው። ሌያርኮ «አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ኢቫልዶ ከዚያ በኋላ ባርኔጣውን ሁልጊዜ በሁለት እጁ ይይዘው ጀመር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ፣ «ያቺ የቴዳልዲ ልጅ እንዴት ነበር የዘፈነችው?» ብሎ ጠየቀ። ሌያርኮ መድኃኒት የሚፈልግ መስሎ ጀርባውን ሰጠው፤ ከንፈሩን እንዳያነብ።

ይህን ሁሉ ለዴርና አልነገራትም። ያላት «አባቷ ሰድቦኝ ነበር» ብቻ ነው። ያንን ሲናገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለራሱም ተሰማው።

«ወረቀቱን አቃጥይው» አላት። «ሰዎቹን አታውቂያቸውም። ነገ ሣጥኑ ድልድዩን ሲሻገር ያፏጩበታል። በአባትሽ ሬሳ ላይ ያፏጫሉ እልሻለሁ፤ እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።»

ዴርና ሣጥኑንና ወረቀቱን በሽርጧ ኪስ ከተተች። «አላቃጥለውም። አላወራውምም። ግን ነገ እሷ ስትጠይቅህ እዚያ ቆሜ አይሃለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሰው በሰው ላይ ሆነ። ቄሱ በአራት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃሉ፤ የሬሳ ሣጥን ቤቱ ሠራተኛ ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሰዓቱን ያያል። ሌያርኮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋጋ አንዲት ውሸት አበጅቶ አጥንቷታል፤ «መጨረሻው ላይ ድምፅሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር አለኝ» ይላታል። ሙያ የሚያውቅ ሰው የሚለው ነው። ማንም አይጠራጠርም። የእግር ኮቴ በደረጃው ላይ በተሰማ ቁጥር ያቺን ቃል በምላሱ ይፈልጋታል፤ እዚያው አለች።

ኤርሲሊያ ስትገባ ወሬው ተቆረጠ። ቀይ ዳማ፣ ወፍራም የክረምት ጫማ ያደረገች፣ ጠጉሯ ወደ ሽበት የሄደ ሴት ናት። ኑሎ አንገቱ ድረስ ቀልቶ ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም። ሣጥኑ አጠገብ ቆማ አማተበችና ባርኔጣውን አየች።

«ይህ ነው?» አለች።

«ይህ ነው፣ ሲኞሪና» አለ ኑሎ።

«ከታች ሆኜ ሳየው ትልቅ ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ሌያርኮ ዞረች። «ወንድምየው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ልወቅስ አልመጣሁም። ዘጠኝ ዓመት ጥፋቴን ስፈልግ ኖሬያለሁ። አንዱ አስተማሪ ትንፋሽሽ ነው አለኝ፤ ትንፋሼን ለወጥኩ። ሌላው አፍሽን የምትከፍቺው አይሆንም አለኝ፤ እሱንም ለወጥኩ። በመጨረሻ የትኛው የራሴ ድምፅ እንደሆነ ጠፋኝ። ሄጄ ራሱን ልጠይቀው እያልኩ ስፈራ ስፈራ ሞተ። እርስዎ ያን ቀን አጠገቡ ነበሩ። ምን ሰምቶ ነበር?»

 አርዲሊዮ ሳይቀር አንገቱን አስግጓል፤ የሰገነቱ ሰዎችም ዘጠኝ ዓመት አልጠየቁትም እንጂ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሌያርኮ ውሸቲቱን ምላሱ ላይ አገኛት። አፉን ከፈተ። በሣጥኑ ራስጌ ዴርና እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ቆማለች፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ለእሱ ብቻ ተሰማው። ይህችን ቃል ከነገራት ሴትየዋ ቤቷ ሄዳ መጨረሻውን ታቃናለች። የሌለ ጥፋት ስታቃና ትሞታለች።

«ምንም አልነገረኝም» አለ።

እውነት ነው። ግን በቂ አይደለም፤ ይህንንም ያውቃል።

ኤርሲሊያ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላ አልጠበቀችም። «እንግዲያው እኔ ልንገረው» አለች ቀስ ብላ። ጓንቷን አወለቀች። ያን ምሽት ያፏጩባትን ዜማ የመጨረሻ ስንኝ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ አጠገቧ ላለ አንድ ሰው እንደሚነገር አድርጋ ዘፈነችው።

ሌያርኮ ከመጀመሪያው ድምፅ አወቃት። ድምጿ ሻክሯል፣ አንድ ቦታ ላይ ፈራ ተባ ብላለች። ሥሩ ግን ያው ነው። ዘጠኝ ዓመት የለወጠችው ሁሉ ሥሩን አላገኘውም። መጨረሻው ላይ አንዲት ጸጉር ታህል ዝቅ አላለችም።

ጨረሰች።  ከዚያ፣ አንድ ሰው እንዳዘዛቸው ሁሉ፣ የሰገነቱ ሰዎች አንገታቸውን አዙረው ባርኔጣውን አዩት። የሬሳ ሣጥን ቤቱ ሠራተኛ እንኳ አየ። ኑሎ አፉን ከፍቶ እንደ ልማዱ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው ከማን እንደሆነ የዘነጋው ይመስላል።

ሌያርኮ ፈርቶ ነበር። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ድልድዩ ታየው፣ ሣጥኑ ታየው፣ ሁለት መቶው አፍ ታየው። ቀኝ እጁን ከብብቱ አወጣ። እጁ በጨውና በውሃ የተበላ የጨጓራ አጣቢ እጅ ነው። ከሣጥኑ ግርጌ ጎንበስ ብሎ በጥቁሩ ሱሪ ላይ የወንድሙን ጉልበት ፈልጎ አገኘው።

የኑሎ ዓይን ከባርኔጣው ወርዶ እጁን ተከተለ። ኑሎ ሰገነቱ ላይ ሁልጊዜ ከእነሱ ኋላ ነበር የሚቀመጠው፤ ይህን እጅ እዚያ ጉልበት ላይ ብዙ ጊዜ አይቶታል። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብኝ» አለ ሌያርኮ። ለወንድሙ ነው ያለው፤ ሁሉም ግን ሰሙ። ኤርሲሊያ ጓንቷን እንደያዘች ቆመች። ዴርና እጇን ከኪሷ ባዶውን አወጣች።

ጉልበቱ ቀዝቅዞ እንጨት ሆኗል። አንድ ጊዜ ጫነው። ሁለተኛ አልጫነውም። ከዚያ እጁን ሳያነሳ፣ እንደ ድሮው፣ ባርኔጣውን እያየ ጠበቀ።